ውሻን በጉዲፈቻ?

«ውሻ በጉዲፈቻ ወሰደች» የሚለው አነጋገር ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ጆሮዬን ይቆረቁረው ይዟል። በራዲዮ ሰምቼዋለሁ። ከውጭ ቋንቋ እየመለሱ የሚጽፉ ባልደረቦቼም ሳያመነቱ ሲጠቀሙበት አያለሁ። ከየት እንደመጣ ማወቅ አያስቸግርም። ፈረንጅ የሰው ልጅ ወስዶ ሲያሳድግም፣ ከጎዳና ያነሣውን ውሻ ቤቱ ሲያስገባም የሚናገርበት ቃል አንድ ነው። የኛ ተርጓሚ ደግሞ መዝገበ ቃላቱን ገልጦ አንዱን በአንዱ ተካው። አንባቢ «ታዲያ ምን ይጠበስ?» ይል ይሆናል። በበኩሌ ነገሩ የቃል ጠብ ብቻ አይመስለኝም። በዚህ ቃል ሥር አንድ የታወቀ የታሪክ ዓይነት ወደ አገራችን እየገባ ነው። በሩቅ አገር የተገኘ ውሻ፣ ተራራና ባሕር አቋርጦ፣ ወረቀት ተሟልቶለት፣ በአውሮፕላን ተጭኖ አዲስ ቤት የሚገባበት ታሪክ። መጻሕፍቱ በብዙ ቋንቋ ተሸጠዋል፣ ፊልሙም ተሠርቷል። ስለዚህ ሒስ ይገባቸዋል።

ሚዛኔን የምተክለው ከሚሴ ላይ ነው። ምክንያት አለኝ። ጉዲፈቻ ከኦሮምኛ የተዋስነው ቃል ነው። «ጉዲሱ» ማሳደግ ሲሆን ጉዲፈቻ ደግሞ ለራስ አድርጎ ማሳደግ ማለት ነው። የአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር መቀመጫ የሆነችው ከሚሴ ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ሻይ ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀያየሩባት ከተማ ናት። ተበዳሪና አበዳሪ ፊት ለፊት በሚተያዩበት ቦታ ቃሉን መመዘን ይቀላል።

መጀመሪያ ታሪኮቹን እንያቸው።

የታወቀው የአርተር ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ሚካኤል ሊንድኖርድ የተባሉ ስዊድናዊ ከጓደኞቻቸው ጋር በኢኳዶር የጀብዱ ስፖርት ውድድር ላይ ነበሩ። በእግር፣ በብስክሌትና በጀልባ ቀናት የሚፈጅ፣ ጫካና ጭቃ የሚያቋርጥ ውድድር ነው። በአንድ ማረፊያ ላይ ጀርባው የቆሰለ ውሻ ቀረባቸው። ከያዙት ምግብ አንዲት የተጠበሰ የሥጋ እንክብል ጣሉለት። ውሻው ከዚያ በኋላ አልተለየም። በጀልባ ሲሄዱ እየዋኘ ተከተላቸው። ውድድሩ ሲያልቅ ሊንድኖርድ ፈቃድ አስወጥተው ወደ ስዊድን ወሰዱት። እዚያም ወደ አራት ወር በለይቶ ማቆያ ቆይቶ ቤታቸው ገባ። ስሙንም አርተር አሉት። ውሻው እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ሞተ። ሰውየው ታሪኩን በመጽሐፍ አወጡት፣ መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ2024 ማርክ ዋልበርግ የሚሠራበት ፊልም ሆነ።

ፊልሙን ያየ ሁሉ ዕንባ እንደሚያብስ አልጠራጠርም። እኔም ከዕንባው አላመለጥኩም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ። በፊልሙ ውስጥ ስዊድናዊው አሜሪካዊ ሆነዋል። ይህ የሆሊዉድ ልማድ ነውና ይለፍ። ኢኳዶር ግን ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሆናለች! ውሻው የተወለደበት አገር፣ ያቆሰለው መንደር፣ የጠጣው ወንዝ ተነሥቶ በሌላ ባሕር ላይ ያለች ደሴት ተተካ። ታሪኩ ግን ምንም አልጎደለበትም። ለእኔ ትልቁ የሒስ ማስረጃ ይህ ነው። አንድ ታሪክ የተወለደበትን አገር ቀይረህበት ካልተናጋ፣ አገሩ መጀመሪያውኑ በታሪኩ ውስጥ አልነበረም ማለት ነው። መጋረጃ ነበር። እስቲ በዚህ ሒሳብ ከሚሴንም ተኩባት። ጨፋ ረግረግ ለጀልባው ይሆናል፣ ቦርከና ለወንዙ ይሆናል፣ የሥጋ እንክብሏም በጥብስ ትለወጣለች። ፊልሙ ይሄዳል። ከሚሴ ግን በውስጡ አትኖርም።

(በነገራችን ላይ በዓለም ሥነ ጽሑፍ ስሙ የገነነ የኢትዮጵያ ውሻ ቢኖር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትንሿ ሉሉ ናት። ያገነናትም ፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ካፑሺንስኪ እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጡት መጽሐፍ ነው። ቤተ መንግሥቱን የሚያውቁ ብዙዎች መጽሐፉን ተረት ነው ብለው ተከራክረዋል። ሉሉ ግን ከተረቱ ጋር ዓለምን ዞራለች። ውሻ ለሩቅ ጸሐፊ ሁልጊዜ ይመቸዋል፤ መልስ አይጽፍም።)

ሁለተኛው መጽሐፍ ከዚህ ይሻላል። ዲዮን ሌናርድ የተባሉ በስኮትላንድ የሚኖሩ የረጅም ርቀት ሯጭ እ.ኤ.አ. በ2016 በቻይና በረሃ ሲወዳደሩ አንዲት ትንሽ ውሻ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ አብራቸው ሮጠች። በበረሃው ስም ጎቢ አሏት። ሯጩ ወረቀቱን ሊያዘጋጁ ወደ አገራቸው በተመለሱበት ጊዜ ውሻዋ ኡሩምቺ በምትባል በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው በሚኖርባት ከተማ ጠፋች። ሰውየው ተመልሰው ሄዱ። የማያውቁት ሕዝብ ማስታወቂያ እየለጠፈ አብሯቸው ፈለገ፣ ተገኘችም። ከዚያ በኋላ ያለው ለእኔ የመጽሐፉ ምርጥ ክፍል ነው። ሩጫ የለም፣ በረሃ የለም፣ ያለው መጠበቅ ብቻ ነው። የክትባቱና የደም ምርመራው ጊዜ እስኪሞላ ቤጂንግ ውስጥ ተከራይተው ወራት ተቀመጡ። ስኮትላንድ የገቡት እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ነበር።

ሌናርድ ትልቅ ስታይሊስት አይደሉም። አንዳንድ ምዕራፋቸው የስፖርት ጋዜጣ ይሸታል። ሆኖም ደጅ ጥናትን ጽፈዋል። ሣጥኑ፣ ክፍያው፣ ማኅተሙ፣ «ነገ ተመለስ» የሚለው መልስ ሁሉ በመጽሐፉ አለ። ደጅ መጥናትን እንደኛ የሚያውቅ ሕዝብ በዚህ ላይ መጽሐፍ ሳይጽፍ አንድ ሯጭ ቀደመን ስል ትንሽ ቀናሁ።

ወደ ከሚሴ ልመለስ። ጉዳዩ ለእኔ ከመጽሐፍ የወጣው ዘንድሮ ነው። ከሚሴ የተወለደች አብሮ አደጌ ጀርመን አገር ትኖራለች። እናቷ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። እናቷ ትራፊ የሚሰጡት፣ በራቸው ላይ የሚያድር ቡናማ ውሻ ነበር። ቤቱ ሲዘጋ ውሻው ከደጃፉ አልተነሣም። እሷ ይህን በስልክ ስትሰማ «እወስደዋለሁ» አለች። ጉዳዩን የማጣራቱ ሥራ በእኔ ላይ ወደቀ። የምታምነው ሰው አጥታ ነው እንጂ እኔ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም።

አንባቢ ውሻ መላክ ፖስታ ቤት ሄዶ ጥቅል እንደመላክ ከመሰለው ይታገሠኝ። ኢትዮጵያ የእብድ ውሻ በሽታ አሁንም ሰው ከሚገድልባቸው አገሮች አንዷ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገምታል። ከመቶ ዘጠና ዘጠኙን ለሰው የሚያስተላልፈው ውሻ ነው። ስለዚህ የአውሮፓ ኅብረት እንደኛ ካለ አገር ለሚመጣ ውሻ መንገዱን አርዝሞታል። መጀመሪያ ከቆዳው ሥር ቁጥር የያዘች ማይክሮቺፕ ትቀበራለች። ከዚያ ይከተባል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ክትባቱ አይቆጠርም። ከተከተበ ቢያንስ 30 ቀን በኋላ ደም ይቀዳል፣ ኅብረቱ ወደ ፈቀደለት ቤተ ሙከራ ይላካል። በደሙ ውስጥ ያለው መከላከያ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት ማነስ የለበትም። ቢያልፍም ደሙ ከተቀዳበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ይጠብቃል። ከዚያ የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም ምስክር ወረቀት ይመጣል። ባለቤቱ ራሱ ከውሻው ጉዞ በአምስት ቀን ውስጥ ካልተጓዘ ደግሞ ውሻው እንደ ንግድ ዕቃ ይቆጠራል፣ ሌላ ደንብም ያርፍበታል። አሜሪካ ከዚህ አትሻልም። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ለሦስት ዓመት ያህል እንደኛ ካሉ አገሮች ውሻ እንዳይገባ አግዳ ነበር። እገዳውን ከነሐሴ 2024 በወጣ ደንብ ብትተካውም ከስድስት ወር በታች የሆነ ውሻ አታስገባም።

ይህ ሁሉ ከመጀመሩ በፊት ደግሞ 325 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ፤ ሸዋ ሮቢት፣ ደብረ ሲና፣ የጣርማ በር ዋሻ፣ ደብረ ብርሃን። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ከሚሴ በደረሰ ጊዜ በዚህ መንገድ ሰውም አላለፈበትም። ሰላም በሆነም ጊዜ ውሻ የሚጭን ሾፌር መለመን ነው። በግና ፍየል በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ ያየ ሁሉ ስለ ውሻ ሲጠየቅ ይስቃል። የአየር መንገድ ደንብ ግን ውሻው ቆሞ የሚዞርበት፣ ተጋድሞ የሚተኛበት ሣጥን ይጠይቃል። ከከሚሴ አናጢ ጋር ስለዚህ ሣጥን የተነጋገርኩትን ብጽፈው ራሱን የቻለ ኮሜዲ ይወጣዋል። «ለማን ነው?» አለኝ። «ለውሻ» አልኩት። «መቼ ሞተ?» አለኝ።

የሻይ ቤቱ ሒስ እዚህ ላይ ይነሣል። «ሰው ባሕር እየበላው ለውሻ ቪዛ!» ይባላል። ከከሚሴና ከባቲ በአፋር በኩል ኦቦክ ደርሶ ወደ የመን የሚሻገረው ወጣት ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ብቻ በሁለት ሳምንት ልዩነት በጂቡቲ ጠረፍ ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው ወገኖቻችን አልቀዋል። የተናጋሪው ምሬት ይገባኛል። ክርክሩ ግን አይረባም። ውሻው ላይ የተጫነው አራት ወርና አምስት ማኅተም ሰውን ከበሽታ ለመጠበቅ የወጣ እንጂ ከወጣቱ ተቀንሶ ለውሻ የተሰጠ ክብር አይደለም። ሥነ ጽሑፋዊ ቅሬታ ካነሣን ግን እኔም አለኝ። ሌናርድ የአንዲት ውሻ ጉዞ በየቀኑና በየብሩ ቆጥረው አንድ መጽሐፍ ሞሉ። የኛ የስደት ልብ ወለዶች ግን ገጸ ባሕርያቸውን ከቤት ያስወጡና በሚቀጥለው ገጽ ጂዳ ያደርሱታል። መንገዱ የለም። ደላላው ስንት ወሰደ? ውሃው በስንተኛው ቀን አለቀ? የጀልባዋ ወለል ምን ነበር? ለዚህ ለዚህስ ውሻዋ ታስተምረን።

አሁን ወደ ቃሉ ልግባ። መጻሕፍቱ ሁሉ የሚነሡበት አንድ ግምት አለ፤ ውሻው የማንም አይደለም። በኛ አገር ግን ጎዳና ላይ የታየ ውሻ ሁሉ የባዘነ አይደለም። ከሚሴ ውስጥ ቀን ቀን በሥጋ ቤቱ ጥግ የሚተኛው ውሻ ማታ የሚጠብቀው ሰፈር አለው። አንገቱ ላይ ማሰሪያ የለም፣ ቤት ውስጥም አይገባም። የከተማው ሰው አብዛኛው ሙስሊም ነው። በሻፊዒ መዝሀብ ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱም በአፈር ነው። ይህን ሰምቶ «ውሻ የሚጠላ አገር» ብሎ የሚደመድም የውጭ ጸሐፊ ገጥሞኛል። ያው ሃይማኖት ግን ለተጠማ ውሻ ጉድጓድ ወርዶ በጫማው ውሃ የቀዳለትን ሰው ኃጢአት ይቅር እንደተባለ ይናገራል። በዋሻው ባለቤቶች ታሪክ ውስጥ ደግሞ ሰዎቹ ስንት እንደነበሩ ሲቆጠር ውሻቸው አብሮ ይቆጠራል። ሦስት ናቸው ያለው ውሻውን አራተኛ ይላል፣ ሰባት ናቸው ያለው ስምንተኛ ይለዋል። ቦታው ግን ደጃፍ ላይ ነው። የኦርቶዶክሱም ወገን ከመጽሐፈ ጦቢት የሚያገኘው ስዕል ከዚህ አይርቅም። ጦቢያ ከመልአኩ ጋር ሩቅ አገር ሲሄድ ውሻው ይከተላል፣ ሲመለስም አብሮ ይመለሳል። በታሪኩ ውስጥ ምንም አይሠራም፣ ስምም የለው። ግን ከቤት ወጥቶ ቤት ገባ።

ደጃፍ እንግዲህ ራሱን የቻለ ቦታ ነው። የቤቱም የጎዳናውም አይደለም። አርተርን የጻፉልን ሰው ጎዳናውንና ቤቱን አዩ፣ ደጃፉን ግን አላዩም። ባለ ደጃፉ ማን እንደሆነ የጠየቀ ምዕራፍ ስለሌለ አገሩ መጋረጃ ሆኖ ቀረ።

ጉዲፈቻ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። በኦሮሞ ሥርዓት ጉዲፈቻ ሰጪ አለው። የወለዱት ይታወቃሉ፣ ይፈቅዳሉ፣ ሽማግሌ ይሰማል። ልጁም የአሳዳጊው ጎሣ ልጅ ይሆናል። ሰጪ የሌለበት ጉዲፈቻ ማንሣት ነው፣ ወይም መውሰድ። ቃሉን ይህን ያህል የምጠብቀው ውሻ ስላነሰበት አይደለም። ቃሉ በሰው ልጅ ላይ ሲሳሳ አይተናል። በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ወደ ውጭ በሄዱባቸው ዓመታት «ተምሮ ይመለሳል» ብለው የፈረሙ የገጠር ወላጆች ነበሩ። ወረቀቱ ላይ ያለው ቃልና እነርሱ የሚያውቁት ጉዲፈቻ አንድ አልነበረም። ምክር ቤቱ የውጭ ጉዲፈቻን በጥር 2010 ዓ.ም. በሕግ እስከዘጋበት ድረስ ስንት እናት በዚህ የትርጉም ስሕተት እንደተጎዳች ማሰብ ይከብዳል። ቃል በግዴለሽነት ሲተረጎም የሚከፍለው ተርጓሚው አይደለም።

ስለዚህ ለባልደረቦቼ የምለው ይህ ነው። ከመንገድ ላይ አንሥቶ የወሰደውን «ወሰደ» በሉ፤ «አስጠጋ»፣ «አላመደ» የሚሉ ቃላትም አሉን። ጉዲፈቻን ሰጪው ለታወቀበት አቆዩት።

አብሮ አደጌ ቅጽ ልካልኝ ነበር። አንድ መስመር የውሻውን ስም፣ አንድ መስመር የባለቤቱን ስም ይጠይቃል። እናቷ ቡቺ ይሉት ነበር። የሰፈሩ ልጆች ጃኪ ይሉታል። ከመንገዱ ማዶ ያሉት አሮጊት ደግሞ በኦሮምኛ «ሰሬ» ብለው ብቻ ይጠሩታል፣ ውሻ ማለት ነው፤ ሲጠሩት የሚመጣው ግን ለእርሳቸው ነው። ከእናቷ ሞት በኋላ የሚያበሉትም እርሳቸው ናቸው። ቅጹን ከመሙላቴ በፊት ደውላ እንድታነጋግራቸው ነገርኳት። አፈረች፤ ለውሻ ጉዳይ ትልቅ ሰው ማስቸገር ነውር መሰላት። ግን ደወለች። የአሮጊቷን መልስ እንዲህ አድርጋ ነገረችኝ፦

«አብሽሪ ልጄ፣ ይሂድ። የእናትሽ ነው፣ አልከለክልሽም። ግን ክረምቱን ተይልኝ። በክረምት ጅቡ እስከ አጥራችን ይመጣል፣ እኔም ብቻዬን ነኝ። መስከረም ይጥባና ውሰጅው።»

ውሻው ግንቦት ውስጥ ተከትቧል፣ ደሙም በሰኔ ይቀዳል። ከዚያ ያለው ሦስት ወር በአውሮፓ ኅብረትም በአሮጊቷም ቆጠራ የሚያልቀው መስከረም ላይ ነው።